ሰማያዊው ሴረም፦ የመዳብ ፔፕታይድ ለቆዳችን ምን ያደርጋል?

በመዋቢያ መደብሮች መደርደሪያ ላይ፣ ከነጭና ከቢጫ ቅባቶች መካከል፣ ሰማያዊ ፈሳሽ የያዘ ትንሽ ጠርሙስ አይታችሁ ይሆናል። በውስጡ ያለው የመዳብ ፔፕታይድ ይባላል። ማስታወቂያው ቆዳን ያድሳል፣ የፊት መሸብሸብን ይቀንሳል፣ ጠባሳን ያጠፋል ይላል። ከሠላሳ ዶላር በታች የሚሸጥ አለ፤ ከመቶ ዶላር በላይ የሚጠየቅበትም አለ።

ብዙ እናቶችና አክስቶች ስለዚህ ፈሳሽ ከጓደኛ ወይም ከቲክቶክ ይሰማሉ። ከዚያም ስልካቸውን ለልጃቸው ይሰጡና «እስቲ ይሄን አንብቢልኝ፤ እውነት ይሠራል?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጅቷ በጠርሙሱ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ ማንበብ አያቅታትም። የሚከብዳት ማንበቡ ሳይሆን የተጻፈው እውነት መሆኑን ማወቁ ነው።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር ተረት አይደለም፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ተጠንቷል። ነገር ግን በላቦራቶሪ የታየው ውጤትና በሰው ፊት ላይ የታየው ውጤት እኩል አይደሉም። ማስታወቂያው የሚነግረን የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን ካላወቅን ገንዘባችንን፣ አንዳንድ ጊዜም ጤናችንን ልናጣ እንችላለን።

ፔፕታይድ ምንድን ነው?

ሰውነታችን በአብዛኛው የተሠራው ከውኃ፣ ከስብና ከፕሮቲን ነው። ፕሮቲንን እንደ ረጅም የዶቃ ሐብል አስቡት። እያንዳንዷ ዶቃ አሚኖ አሲድ ትባላለች። በመቶዎች የሚቆጠሩ ዶቃዎች ሲያያዙ ፕሮቲን ይሆናሉ። ጥቂት ዶቃዎች ብቻ ሲያያዙ ደግሞ ፔፕታይድ ይባላሉ።

የምንነጋገርበት ፔፕታይድ ሦስት ዶቃዎች ብቻ አሉት፤ ግላይሲን፣ ሂስቲዲንና ላይሲን። ሳይንቲስቶች በአጭሩ ጂኤችኬ ይሉታል። ይህ ትንሽ ሰንሰለት መዳብን አጥብቆ ይይዛል። ሁለቱ ሲያያዙ የመዳብ ፔፕታይድ ይሆናሉ።

ሰማያዊው ቀለም የሚመጣው ከመዳቡ ነው። መዳብ ከሌላ ነገር ጋር ሲዋሐድ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ይሆናል። በኒውዮርክ ወደብ የቆመውን የነፃነት ሐውልት አስታውሱ። ውጫዊ ክፍሉ መዳብ ነው። በ1886 ሲመረቅ ቡናማ ነበር፤ ዛሬ የምናየውን አረንጓዴ ቀለም ያገኘው ከአየርና ከእርጥበት ጋር በዓመታት ውስጥ ተዋሕዶ ነው።

ከጉበት የተጀመረ ታሪክ

የመዳብ ፔፕታይድ ታሪክ የጀመረው ከቆዳ ሳይሆን ከጉበት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ፣ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ሎረን ፒካርት የተባለ ተመራማሪ የወጣቶችና የአረጋውያን ደም በጉበት ሕዋሳት ላይ የሚያመጣውን ልዩነት ያጠና ነበር። ከዕድሜ ጠገብ ሰዎች የተወሰደ የጉበት ሕዋስ በወጣቶች ደም ውስጥ ሲቀመጥ እንደ ወጣት ሕዋስ መሥራት ጀመረ። በወጣቶች ደም ውስጥ ያለው ይህን የሚያደርግ ነገር ምን ይሆን?

ፒካርት ፍለጋውን ቀጠለና በ1973 ከሰው የደም ፕላዝማ ያን ትንሽ ባለ ሦስት ዶቃ ሰንሰለት ለየ። ፕላዝማ ማለት የደም ሕዋሳት ሲወጡ የሚቀረው ቢጫማ ፈሳሽ ነው። በ1980 ደግሞ ፒካርትና ባልደረቦቹ ይህ ፔፕታይድ መዳብ ወደ ሕዋሳት እንዲገባ ሳይረዳ እንደማይቀር ጻፉ።

ፒካርት በጽሑፎቹ አንድ ሌላ ቁጥርም ይጠቅሳል። በ20 ዓመት ዕድሜ አካባቢ በአንድ ሚሊ ሊትር ፕላዝማ ውስጥ 200 ናኖግራም ያህል ጂኤችኬ ይገኛል፤ በ60 ዓመት ግን ወደ 80 ይወርዳል። ናኖግራም የግራም አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ማስታወቂያዎች ይህን ቁጥር በጣም ይወዱታል። «የጎደለውን እንመልስልዎ» ለማለት ያመቻቸዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይጠቅማል። ሁለት ነገሮች አብረው መለወጣቸው አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ ፀጉር ይሸብታል፤ ፀጉርን ጥቁር ቀለም መቀባት ግን ሰውን ወጣት አያደርግም። የጂኤችኬ መቀነስም የእርጅና ምክንያት ይሁን ውጤት ቁጥሩ ብቻውን አይነግረንም።

ቆዳ ራሱን ሲጠግን

ጣታችንን በቢላ ስንቆርጥ መጀመሪያ ደሙ ይረጋል። ቀጥሎ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፤ የመከላከያ ሕዋሳት ጀርሞችንና የሞተውን ሥጋ ያጸዳሉ። ከዚያ ፋይብሮብላስት የሚባሉ ሕዋሳት መጥተው ኮላጅን ያመርታሉ። ኮላጅን ቆዳን ጠንካራ የሚያደርግ ፕሮቲን ነው፤ ሦስት ክሮች እንደ ገመድ ተገምደው ይሠሩታል። በመጨረሻ ሰውነት አዲሱን ቆዳ ቀስ እያለ ያስተካክላል፤ ይህ ከአንድ ዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። እንዲያም ሆኖ ጠባሳ የቀድሞውን ቆዳ ጥንካሬ ሙሉ በሙሉ አይመልስም፤ ቢበዛ 80 በመቶ ገደማ ቢደርስ ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ መዳብ ድርሻ አለው። ላይሲል ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም የኮላጅንን ክሮችና ቆዳን እንደ ላስቲክ የሚያደርገውን ኢላስቲን እርስ በርስ ያስተሳስራል፤ ይህ ኢንዛይም ያለ መዳብ አይሠራም። ለቆዳችንና ለፀጉራችን ቀለም የሚሰጠውን ሜላኒን የሚያመርተው ታይሮሲኔዝም መዳብ ይፈልጋል።

ጂኤችኬ ራሱም በኮላጅን ውስጥ ይገኛል። ሦስቱ ዶቃዎች በአንደኛው የኮላጅን ክር ላይ በዚሁ ቅደም ተከተል ተደርድረዋል። ስለዚህ ተመራማሪዎች እንዲህ ብለው ያስባሉ፦ ቆዳ ሲቆስልና ኮላጅን ሲሰባበር ጂኤችኬ ይለቀቅና ለአካባቢው ሕዋሳት «እዚህ ጉዳት አለ፤ ጥገና ጀምሩ» የሚል ምልክት ይሰጣል።

በላቦራቶሪ የታየው

በ1988 በፈረንሳይ፣ ሬምስ ከተማ፣ የማካርና የባልደረቦቹ ቡድን ይህን ሐሳብ ፈተነ። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ባደጉ ፋይብሮብላስቶች ላይ የመዳብ ፔፕታይድ ሲጨምሩ ሕዋሳቱ የሚያመርቱት ኮላጅን ጨመረ። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው መጠን እጅግ ትንሽ ነበር። ያው ቡድን በ1993 በአይጦች ቁስል ላይ ሞክሮት በቁስሉ ውስጥ የሚከማቸው ኮላጅን ሲጨምር አየ።

እነዚህ ሙከራዎች በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው። ዛሬ ሰማያዊውን ጠርሙስ የሚሸጡ ሰዎች «በሳይንስ የተረጋገጠ» ሲሉ በአብዛኛው የሚያወሩት ስለ እንዲህ ዓይነት ውጤቶች ነው። ነገር ግን ሳህን ላይ ያለ ሕዋስ ፊት አይደለም። አይጥም ሰው አይደለም።

በሰው ላይ ሲሞከር

ታሪኩ የሚወሳሰበው እዚህ ነው። በ1992 የታተመ አንድ ጥናት በእግራቸው ላይ ቶሎ የማይድን ቁስል ያለባቸውን 86 ሕሙማን በሦስት ቡድን ከፈለ። ቁስላቸው የመጣው በእግር ደም መልሶች ችግር ነው። አንዱ ቡድን የብር ቅባት፣ ሌላው የመዳብ ፔፕታይድ፣ ሦስተኛው ምንም መድኃኒት የሌለበት ቅባት ተሰጠው። የብር ቅባቱ ቁስሉን አሳነሰ። የመዳብ ፔፕታይዱ ግን ምንም መድኃኒት ከሌለበት ቅባት የተሻለ አልሆነም። በ1994 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የስኳር በሽታ ባለባቸው ሰዎች ቁስል ላይ ጥሩ ውጤት አየ። ውጤቶቹ እንዲህ የተለያዩ ናቸው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ማለትም ኤፍዲኤ፣ የመዳብ ፔፕታይድን እንደ ቁስል መድኃኒት አላጸደቀውም።

የፊት መሸብሸብንስ በተመለከተ? በ2002 አካባቢ ወደ 70 የሚጠጉ ሴቶች ለ12 ሳምንታት የመዳብ ፔፕታይድ ክሬም ተቀብተው ቆዳቸው እንደተሻሻለ በሐኪሞች ጉባኤ ላይ ቀርቧል። ተስፋ ይሰጣል፤ ግን ጥናቱ ትንሽና አጭር ነበር።

ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው በ2006 የታተመው ጥናት ነው። ፊታቸው በሌዘር የታከመ 13 ሰዎች ተካፈሉበት። የተወሰኑት ሌዘሩ ያቆሰለውን ቆዳ በመዳብ ፔፕታይድ ምርቶች ተንከባከቡ፤ ሌሎቹ ያለ እሱ። ገምጋሚዎች በቆዳው መቅላትም ሆነ በመሸብሸቡ ላይ ትርጉም ያለው ልዩነት አላገኙም። ምርቱን የተጠቀሙት ሕሙማን ግን በቆዳቸው የበለጠ ተደሰቱ።

ይህን ልብ በሉ። ሰዎቹ አልዋሹም፤ ራሳቸውን በመስተዋት አይተው የተሻለ መስሎ ታያቸው። የራሳችን ዓይን በራሳችን ፊት ላይ ጥሩ ዳኛ አይደለም። ስለዚህ «እኔ ተጠቅሜ ለውጥ አየሁ» የሚል ቪዲዮ፣ ተናጋሪዋ ሐቀኛ ብትሆንም እንኳ፣ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

በሩ ጠባብ ነው

ሳህን ላይ የሠራው ፊት ላይ የሚደክመው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት የቆዳችን የላይኛው ንጣፍ ነው። ይህ ንጣፍ ከወረቀት የሳሳ ቢሆንም በሞቱ ሕዋሳትና በስብ የተገነባ አጥር ነው። ሥራውም ከውጭ የሚመጣውን ማገድና በውስጥ ያለውን ውኃ መጠበቅ ነው። ጂኤችኬ ትንሽ ሞለኪውል ቢሆንም ውኃ ወዳድ ስለሆነ በስቡ አጥር በኩል ማለፍ ይቸግረዋል። ፋይብሮብላስቶች ያሉት ደግሞ ከዚህ ንጣፍ በታች ነው። ከተቀባው ውስጥ እነርሱ ዘንድ የሚደርሰው ጥቂቱ ብቻ ነው።

በቁስል ላይ ግን አጥሩ ተሰብሯል። ስለዚህ በቁስል ላይ የተሠራ ጥናት በጤናማ ፊት ላይ ምን እንደሚሆን በቀጥታ አይነግረንም።

ጠርሙሱን እንዴት እናንብብ?

በምርቱ ጀርባ ላይ የመዳብ ፔፕታይድ የሚጻፈው «ኮፐር ትራይፔፕታይድ-1» ተብሎ ነው። በአሜሪካም በአውሮፓም ንጥረ ነገሮች የሚደረደሩት ከብዙ ወደ ጥቂት ነው፤ ከአንድ በመቶ በታች የሆኑት ግን በፈለጉት ቅደም ተከተል ሊጻፉ ይችላሉ። ሰማያዊ ቀለም ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ማቅለሚያም ሊሆን ይችላል። ዝርዝሩን ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ቃላቱንም ተመልከቱ። በአሜሪካ ሕግ አንድ ምርት የሰውነትን አሠራር እለውጣለሁ ካለ መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት ደግሞ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት መጽደቅ አለበት። መዋቢያ ግን በኤፍዲኤ አስቀድሞ አይጸድቅም። ስለዚህ ብዙ ጠርሙሶች «መሸብሸብን ይቀንሳል» ሳይሆን «የመሸብሸብን መታየት ይቀንሳል» ይላሉ። «መታየት» የምትለዋ አንዲት ቃል እዚያ የገባችው በሕግ ምክንያት ነው።

አንድ ተግባራዊ ነገርም አለ። መዳብ ቫይታሚን ሲን ያበላሻል። ሁለቱንም የምትጠቀሙ ከሆነ አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ማታ ተቀቡ።

ጥቁርና ጠይም ቆዳ ላይ

የእኛ ቆዳ ብዙ ሜላኒን ስላለው ከፀሐይ በተወሰነ ደረጃ ይጠብቀናል፤ መሸብሸብም ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ይመጣል። ብዙዎቻችንን የሚያስጨንቀን ሌላ ነው፦ ማድያት፣ ብጉር ከጠፋ በኋላ የሚቀር ጥቁር ምልክትና ኬሎይድ።

ኬሎይድ ማለት ከቁስሉ አልፎ እያበጠ የሚያድግ ጠባሳ ነው። የሚመጣው ሰውነት ለጥገና ከሚያስፈልገው በላይ ኮላጅን ሲያመርት ነው፤ አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል። ይህ «ኮላጅን በበዛ ቁጥር ይሻላል» የሚለውን ማስታወቂያ እንድንጠረጥር ያደርገናል። ጤናማ ጥገና ማለት በልኩ ማምረትና በጊዜው ማቆም ነው።

አንዳንድ ሰዎች ሴረሙ ጠልቆ እንዲገባ በማለት ጥቃቅን መርፌዎች ባሉት መሣሪያ ቤታቸው ፊታቸውን ይወጋሉ። በቤተሰባችሁ ኬሎይድ ያለበት ሰው ካለ ይህን አታድርጉ፤ መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም አማክሩ። ኬሎይድ ባይኖርም ቆዳን ያስቆጣ ነገር ሁሉ ጥቁር ምልክት ትቶ ሊሄድ ይችላል። ዊልሰን የሚባለው፣ መዳብ በሰውነት ውስጥ እንዲከማች የሚያደርገው በሽታ ያለበት ሰውም ምርቱን ከመጠቀሙ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

መርፌው ሌላ ጉዳይ ነው

በቅርብ ዓመታት የመዳብ ፔፕታይድ በመርፌ የሚወሰድ ዱቄት ሆኖም በኢንተርኔት ይሸጣል። ብዙዎቹ ብልቃጦች «ለምርምር ብቻ» የሚል ጽሑፍ አለባቸው። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ሻጩ ይህ ምርት ለሰው የተዘጋጀ ነው ብሎ ኃላፊነት አይወስድም። ኤፍዲኤ በመርፌ የሚሰጥ የመዳብ ፔፕታይድን አላጸደቀም። በብልቃጡ ውስጥ ያለው ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ፣ ከጀርም ነፃ መሆኑንና መጠኑን የሚያረጋግጥልን የለም። ቆዳ ላይ የተቀባ ነገር ካልተስማማን ልንታጠበው እንችላለን፤ በመርፌ የገባውን ግን መልሰን ማውጣት አንችልም።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ለቆዳ እርጅና ትልቁ የውጭ ምክንያት ፀሐይ ነው። በአውስትራሊያ፣ ናምቦር በምትባል ከተማ፣ ከ55 ዓመት በታች የሆኑ ከ900 በላይ ሰዎች ለአራት ዓመት ተኩል ተጠንተዋል። በ2013 በታተመው ውጤት መሠረት የፀሐይ መከላከያ በየቀኑ የተቀቡት፣ በፈለጉበት ጊዜ ብቻ ከተቀቡት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የቆዳ እርጅናቸው በ24 በመቶ ያነሰ ነበር። በዚያ ጥናት የነበሩት በአብዛኛው ነጣ ያለ ቆዳ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ማድያት ላለበት ጠይም ቆዳ ግን የፀሐይ መከላከያ ሌላ ጥቅም አለው፤ ጥቁር ምልክቱ እንዳይባባስ ይረዳል። በተለይ አይረን ኦክሳይድ ያለበትና ቀለም ያለው ዓይነት ይመረጣል፤ ምክንያቱም ማድያትን የሚያባብሰው በዓይን የሚታየው ብርሃንም ጭምር ነው።

መሸብሸብን ለመቀነስ በጥናት በደንብ የተደገፈው ከቫይታሚን ኤ ቤተሰብ የሆነው ትሬቲኖይን ነው። በአሜሪካ በሐኪም ትእዛዝ ይገኛል። ቆዳን ሊያስቆጣ ስለሚችል በጥቂቱ ይጀመራል፤ በእርግዝና ጊዜ ግን አይወሰድም። ሲጋራ አለማጨስም ቆዳን ይጠብቃል።

መዳቡስ? አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 0.9 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ጉበት፣ ሰሊጥ፣ ምስር፣ ሽምብራና ጤፍ መዳብ አላቸው። የእንጀራና የምስር ወጥ ገበታ ላይ የምትቀመጡ ከሆነ መዳብን በእንክብል መፈለግ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ከሚያስፈልገው በላይ መዳብ መብላትም ቆዳን ወጣት አያደርግም።

ለቤተሰብ እንዴት እናስረዳ?

ይህን ሁሉ ሳይንስ በአማርኛ ማስረዳት ሊከብድ ይችላል። ለእናታችሁ እንዲህ ማለት ትችላላችሁ፦

«እማዬ፣ ይሄ ፈሳሽ ውሸት አይደለም። ውስጡ ያለው ነገር በሰው ደም ውስጥም አለ። ግን ፊት ላይ ሲቀቡት ትልቅ ለውጥ እንደሚያመጣ ገና በደንብ አልተረጋገጠም። ከወደድሽው ተቀቢው። መጀመሪያ ግን የፀሐይ መከላከያውን እንግዛ።»

በአክብሮት «እርስዎ» ለምትሏቸው አክስት ደግሞ፦

«አክስቴ፣ ቅባቱ ብዙም ችግር የለውም። መርፌውን ግን እባክዎ እንዳይወጉ። ማን እንደሠራው አናውቅም። ሐኪም ዘንድ አብሬዎት እሄዳለሁ፤ አብረን እንጠይቃለን።»

በእነዚህ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ማንም አልተነቀፈም፤ ማንም አልተሳቀበትም። እናቶቻችን ይህን ጥያቄ የሚያነሱት ሞኝ ስለሆኑ አይደለም። ለዓመታት ፀሐይና ሥራ ያደከመው ፊታቸው ትንሽ እንክብካቤ ቢያገኝ ደስ ስለሚላቸው ነው። ሰማያዊው ጠርሙስ ያንን ደስታ ሊሰጥ ይችል ይሆናል። ከዚያ በላይ ቃል ሲገባ ግን ማስረጃውን መጠየቅ የእኛ፣ የሚያነቡላቸው ልጆች፣ ድርሻ ነው።